ደም ማነስን በሄሞግሎቢን ብቻ አንለካ፦ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ እንዲሁም ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን

ጤና ይስጥልኝ። የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ጉዳዩ የእናንተ ብቻ ስላልሆነ ነው። ደም አንሶሻል ተብላ በየቀኑ ኪኒን የምትውጥ እናት፣ ኪኒኑን የሚያዝላት ሐኪም፣ ናሙናዋን የሚሠራው የሙያ ባልደረባዬም እንዲያነቡት እፈልጋለሁ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። እኛ ደም ማነስን የምንለካው በሄሞግሎቢን፣ ማለትም ቀይ የደም ሴል ውስጥ ኦክስጅን በሚሸከመው ፕሮቲን መጠን ነው። ሄሞግሎቢን ደም ማነሱን ይነግረናል። ለምን እንዳነሰ ግን አይነግረንም። አይረን ጎድሎ ነው? ኢንፌክሽን ነው? የቆየ ሕመም ነው? ቫይታሚን ነው? ይህን ለመለየት ከሚረዱት ምርመራዎች አንዱ የትራንስፌሪን ሪሴፕተር ነው። ይህ ምርመራ በሪፈራል ሆስፒታሎችና በክልል ላቦራቶሪዎች እንዲጀመር፣ በሚቀጥለው ሀገር አቀፍ ጥናትም እንዲካተት እጠይቃለሁ።

ለምን እንደምጠይቅ ለማስረዳት ስለ ሪሴፕተሩ ትንሽ ማውራት አለብኝ።

አንድ ጤነኛ አዋቂ ሰው በሰውነቱ ከ3 እስከ 4 ግራም አይረን ይኖረዋል። አብዛኛው ቀይ የደም ሴል ውስጥ ነው። ከምግብ በቀን የሚገባልን ከ1 እስከ 2 ሚሊግራም ቢሆን ነው። መቅኒያችን ግን አዲስ ደም ለመሥራት በየቀኑ ከ20 እስከ 25 ሚሊግራም ይፈልጋል። ልዩነቱ የሚሞላው ካረጁ ቀይ ሴሎች እየተለቀመ በሚመለስ አይረን ነው። ሰውነታችን አይረን አያባክንም።

አይረን ለብቻው ደም ውስጥ ቢዘዋወር ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ጉበት የሚሠራው ትራንስፌሪን የሚባል ፕሮቲን ይሸከመዋል። አንድ ትራንስፌሪን ሁለት የአይረን አተም ይይዛል። ሴሎች ደግሞ ይህን ተሸካሚ የሚቀበሉበት ሌላ ፕሮቲን በላያቸው ላይ አላቸው። ሪሴፕተሩ እሱ ነው። ትራንስፌሪኑ ሲያርፍበት ሴሉ ሁለቱንም ወደ ውስጥ ይስብና ትንሽ ከረጢት ውስጥ ያስገባቸዋል። ከረጢቱ አሲዳማ ይሆናል፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች ወደ 5.5 ይወርዳል። ያኔ አይረኑ ይላቀቅና ለሴሉ ይቀራል። ባዶ የሆነው ትራንስፌሪን ግን ሪሴፕተሩን አይለቅም። አብረው ወደ ሴሉ ላይ ይመለሳሉ። እንደገና ከደም ጋር ሲገናኙ፣ ፒኤቹ 7.4 ሲሆን፣ ትራንስፌሪኑ ይላቀቅና ሌላ አይረን ፍለጋ ይሄዳል። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃል። ስንት ዓመት ደም ስመረምር ኖሬ ይቺ ነገር ዛሬም ትገርመኛለች።

ለምርመራው ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ሴል ውስጥ አይረን ሲያንስ የሚነቁ ፕሮቲኖች አሉ። ሪሴፕተሩ የሚሠራበትን መመሪያ የያዘውን አርኤንኤ ሄደው ይይዙታል፤ ቶሎ እንዳይፈርስ ይጠብቁታል። መመሪያው በቆየ ቁጥር ብዙ ሪሴፕተር ይሠራል። አይረን ሲሞላ ፕሮቲኖቹ ይለቃሉ፣ መመሪያው ይፈርሳል፣ የሪሴፕተሩም ቁጥር ይቀንሳል። በአጭሩ፣ የተራበ ሴል እንደ ተቸገረ ሰው እጁን ይዘረጋል። ሲጠግብ ይሰበስባል።

ከእነዚህ ሪሴፕተሮች የተወሰነው ክፍል ከሴሉ ላይ ተቆርጦ ደም ውስጥ ይገባል። እኛ ሴረም በሚባለው የደም ፈሳሽ ክፍል ላይ የምንለካው ይህንን ቁራጭ ነው። አብዛኛው የሚመጣው መቅኒ ውስጥ ካሉ፣ ገና በማደግ ላይ ካሉ ቀይ ሴሎች ነው። አድጎ የጨረሰ ቀይ ሴል ሪሴፕተር የለውም፤ ጥሎት ነው የሚወጣው። ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ካለ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ መቅኒው አይረን ተርቧል፣ ወይ ደም በብዛት እየሠራ ነው።

«ፌሪቲን አለ አይደል?» የሚለኝ ይኖራል። አለ። ፌሪቲን የተቀመጠውን አይረን ያሳያል፤ ጥሩ ምርመራ ነው። ችግሩ ሰው ሲታመም ፌሪቲን ይጨምራል። አይረኑ ባይጨምርም ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጤነኛ አዋቂ ፌሪቲኑ ከ15 ማይክሮግራም በሊትር በታች ሲሆን አይረን ጎድሎታል ይላል። ኢንፌክሽን ወይም ብግነት፣ ማለትም የሰውነት መቆጣት፣ ካለ ግን መስፈሪያው ወደ 70 ከፍ ይላል። ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ከ12 ወደ 30 ነው። ይህ የሚያሳየው ቁጥሩ ምን ያህል እንደሚንሸራተት ነው። ወባ፣ ቲቢ፣ የአንጀት ትላትል፣ የቆየ የመገጣጠሚያ ሕመም ባለበት ሀገር ስንቱ ሰው ነው ብግነት የሌለበት? ሪሴፕተሩ በብግነት ብዙም አይነካም። ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው።

አንድ የማስታውሰውን ላንሳ። አንዲት እናት ነበረች፤ መገጣጠሚያዋን ለዓመታት ያማታል። ሄሞግሎቢኗ ዝቅ ብሏል። ፌሪቲኗ 95 ነው። ብግነት መኖሩን የሚያሳየው ሲአርፒ የሚባለው ምርመራዋ ከፍ ብሏል። ወረቀቱ ላይ ፌሪቲኑ «ኖርማል» ተብሎ ወጣ። ለወራት አይረን ወስዳለች፤ ሆዷን ያቃጥላታል፣ ሰገራዋ ጠቁሯል፣ ደሟ ግን ከነበረበት አልተነሳም። ሐኪሟ ላቦራቶሪ ድረስ መጥቶ ጠየቀኝ፦ «አይረን ጎድሏታል ወይስ አልጎደላትም?» ጥያቄው ትክክል ነው። ብግነት ሄፕሲዲን የሚባለውን ሆርሞን ከፍ ያደርጋል፤ ሄፕሲዲን ደግሞ አይረን ከአንጀት እንዳይገባ፣ ከማከማቻውም እንዳይወጣ ይዘጋል። እንዲህ ያለች ሴት አይረን ተቆልፎባት ሊሆን ይችላል። በእርግጥም ጎድሏት ሊሆን ይችላል። ሕክምናው ደግሞ የተለያየ ነው። ሪሴፕተሯን ብንለካ አንድ ፍንጭ እናገኝ ነበር። ምርመራው እኛ ጋ የለም። ናሙና ወደ ውጭ የሚልኩ የግል ላቦራቶሪዎች ቢኖሩም ዋጋውን አትችለውም። ያንኑ ኪኒን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

ይህ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ ቢሆን ለሚኒስቴር ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

በ2011 እ.ኤ.አ. የተሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 እስከ 59 ወር ዕድሜ ካላቸው ልጆች 44 በመቶው ደም ማነስ አለባቸው አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ 57 በመቶ ሆነ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ሴቶች ከ17 ወደ 24 በመቶ ወጣ። ሁለቱም ጊዜ የተለካው ጣት ተወግቶ የሚወሰድ አንድ ጠብታ ደም ነው፤ ሄሞግሎቢን ብቻ። ደም ማነሱ መጨመሩን አወቅን። ምን ያህሉ የአይረን እጥረት እንደሆነ ከዚያ ጠብታ ማወቅ አይቻልም። ምክንያቱ ሳይታወቅ ደግሞ መፍትሔው ሁሌ አንድ ነው፦ አይረን ስጡ።

አይረን መስጠት ክፉ ነው እያልኩ አይደለም። ነፍሰ ጡር እናቶች ፌፎላቸውን፣ የአይረንና የፎሊክ አሲድ ኪኒናቸውን፣ እንዳያቋርጡ አጥብቄ እለምናለሁ። ለእርግዝና የሚያስፈልገውን አይረን ከምግብ ብቻ ማግኘት ከባድ ነው። ግን አይረን ለሁሉም፣ በማንኛውም ቦታ፣ ያለ ምንም ጥንቃቄ የሚሰጥ ነገር አይደለም። በዛንዚባር ፔምባ ደሴት የተሠራውን ጥናት የሕፃናት ሐኪሞች ያውቁታል። በ2006 እ.ኤ.አ. ነው የታተመው። ወባ በበዛበት ቦታ ለትንንሽ ልጆች ሁሉ አይረንና ፎሊክ አሲድ ተሰጠ። የወሰዱት ልጆች ለሞት ወይም ለሆስፒታል መተኛት የመዳረጋቸው ዕድል በ12 በመቶ ጨመረ። አይረኑ ቆመ። ከዚያው ጥናት የወጣ ሌላ ውጤት አለ፤ እኔ ከሁሉ በላይ የምይዘው እሱን ነው። አይረን ጎድሏቸው ደም ማነስ የነበረባቸው ልጆች ተጠቀሙ። ጉዳቱ የታየው ባልጎደላቸው ላይ ነው። ማን እንደጎደለውና ማን እንዳልጎደለው ማወቅ የምርምር ቅንጦት አይደለም። የልጆች ሕይወት ነው።

የደጋው ነገር ደግሞ የራሳችን ጉዳይ ነው። ከፍታ ላይ ኦክስጅን ስለሚያንስ የሰው ሄሞግሎቢን ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ የደም ማነስ መስፈሪያው በከፍታ ይስተካከላል። በ2024 የወጣው አዲሱ የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ማስተካከያውን ከ500 ሜትር ይጀምራል፤ የቀድሞው ከ1000 ሜትር ነበር የሚጀምረው። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ናት። ታዲያ የእኛ ሰው ከፍታ ላይ ሄሞግሎቢኑ ይጨምራል ወይ? አንትሮፖሎጂስቷ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰሜን ተራሮች ውስጥ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መርምረዋል። የወንዶቹ አማካይ ሄሞግሎቢን 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር ነበር። ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ብዙም አይለይም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ግን በጣም ይጨምርባቸዋል።

እዚያ ከፍታ ላይ መመሪያው መስፈሪያውን ከ2 ግራም በላይ ከፍ ያደርገዋል። የሰሜን ሴት ሄሞግሎቢኗ 14 ሆኖ «ደም ማነስ» ልትባል ነው። እውነት ደም አንሷታል? ሰውነቷ አይረን ይፈልጋል? ይህን ከሄሞግሎቢን ብቻ የሚመልስ የለም። ሪሴፕተሯ ዝቅ ብሎ ፌሪቲኗ ጥሩ ከሆነ መቅኒዋ አልተራበም ማለት ነው። ይህን ሠርቶ ለዓለም ማሳየት ያለብን እኛ ነን። ከራስ ዳሸን ግርጌ እስከ አፋር ዝቅታ ያለን ሕዝብ በአንድ ሀገር ይዘን፣ የራሳችን መስፈሪያ አለመኖሩ ያንገበግበኛል። የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከደጋ፣ ከወይና ደጋና ከቆላ ናሙና ወስዶ ሄሞግሎቢንን፣ ፌሪቲንን፣ ሲአርፒንና ሪሴፕተርን አንድ ላይ ቢለካ ከዚህ በላይ የሚጠቅም ሥራ አይታየኝም።

ስለ ጤፍም አንድ ነገር ልበል። «እንጀራ እየበላን አይረን እንዴት ይጎድለናል?» የሚል ብዙ ነው። ጤፍ አይረን አለው። በአውድማ ላይ በበሬ ሲወቃ ግን አፈር ይቀላቀለዋል፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ከፍ ብሎ የሚታየው ቁጥር በከፊል የአፈር ነው። ሰውነት ደግሞ የአፈርን አይረን እንደ ሥጋ አይረን አይወስደውም። ስለዚህ የምግቡን ቁጥር አይቶ የሰውን ሁኔታ መገመት አይሠራም። ሰውየውን መለካት ነው።

ወባን ሳላነሳ ባልፍ ይቆጨኛል። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ምርምር ከወባ ተህዋሲያን አንዱ የሆነው ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ ወደ ወጣት ቀይ ሴሎች ለመግባት የሚይዘው ይህንኑ የትራንስፌሪን ሪሴፕተር እንደሆነ አሳይቷል። ቫይቫክስ አድጎ የጨረሰ ቀይ ሴል የማይወደው ለዚህ ነው፤ የሚይዘው የለማ! ቫይቫክስ በአፍሪካ እንደ እኛ ሀገር የሚበዛበት ቦታ ጥቂት ነው። በ2024 ብቻ፣ እስከ ጥቅምት 20 እ.ኤ.አ. ድረስ፣ በኢትዮጵያ በጠቅላላው ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል። አይረን ሲጎድል፣ አይረን ሲሰጥ፣ የወጣት ሴሎች ቁጥር ሲለዋወጥ ቫይቫክስ ላይ ምን እንደሚፈጠር የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ሊመራመሩበት ይገባል። በሽታው እኛው ደጅ ላይ ነው።

የምርመራውን ድክመትም መደበቅ አልፈልግም። ወባና ደም የሚያፈርስ ማንኛውም ሕመም ሪሴፕተሩን ከፍ ያደርገዋል፤ መቅኒው የጠፋውን ለመተካት ስለሚሯሯጥ። የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና ታላሴሚያ የሚባለው በዘር የሚወረስ የደም ሕመምም እንዲሁ። የተለያዩ ኩባንያዎች የምርመራ ኪቶች የተለያየ ቁጥር ይሰጣሉ። በዚህ ምክንያት አንዱ ሆስፒታል በአንድ ኪት፣ ሌላው በሌላ ኪት ቢሠራ ውጤቱን ማነጻጸር አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት ማመሳከሪያ ናሙና አለው። ከእሱ ጋር ተመሳክሮ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ኪት ተመርጦ ቢጀመር ይሻላል። ለብቻውም አይነበብም፤ ከፌሪቲንና ከሲአርፒ ጋር ነው የሚነበበው።

አሁን ወደ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ልመለስ። ይህ ሪሴፕተር ዛሬ የመድኃኒት መንገድም ሆኗል። አንጎላችንን የሚመግቡ ትንንሽ የደም ሥሮች በጣም የተጣበቀ ግድግዳ አላቸው፤ አብዛኛው ትልቅ መድኃኒት አያልፍም። ግን አንጎልም አይረን ይፈልጋል። በ1984 እ.ኤ.አ. እነዚህ የደም ሥሮች ላይ የትራንስፌሪን ሪሴፕተር በብዛት እንዳለ ታወቀ። ተመራማሪዎችም መድኃኒቱን ሪሴፕተሩን ከሚይዝ ፀረ እንግዳ አካል ጋር አያይዘው ማሳለፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ላይ ጠንክሮ የሚይዝ ይሻላል ተብሎ ነበር። በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ግን ላላ ብሎ የሚይዘው ወደ አንጎል የበለጠ እንደሚገባ አሳየ፤ ጠንክሮ የያዘው እዚያው ግድግዳው ላይ ይቀራል። ጃፓን በ2021 በዚህ መንገድ የተሠራ ፓቢናፈስፕ አልፋ የተባለ መድኃኒት አጽድቃለች። የሚሰጠው ሀንተር ሲንድሮም ላለባቸው ነው፤ በዘር የሚወረስ፣ ኢንዛይም የሚጎድልበት፣ ልጆችን የሚያዳክም ሕመም። ለአልዛይመር የታሰበው ትሮንቲኔማብም በመጨረሻው የሙከራ ደረጃ ላይ ይገኛል።

እነዚህ መድኃኒቶች ነገ ሊመዘገቡ ወደ እናንተ ይመጡ ይሆናል። ያኔ አንድ ነገር እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ። ሪሴፕተሩ የአንጎል ደም ሥር ላይ ብቻ አይደለም ያለው። ወጣት ቀይ ሴሎች ላይም አለ። በአይጦች ላይ በተሠሩ ሙከራዎች አንዳንዶቹ ፀረ እንግዳ አካላት እነዚህን ወጣት ሴሎች ሲያጠፉ ታይቷል። መጀመሪያውኑ አይረን የጎደለው፣ ወባ የሚመላለስበት ሰው ላይ ምን ያደርጋሉ? ይህን የሚመልስ መረጃ ሳይቀርብ ፈቃድ መሰጠት የለበትም። እኛም መነሻውን ሳንለካ ለውጡን አናውቅም።

በመጨረሻ ስለ ገንዘቡ። አዲስ ማሽን እየጠየቅኩ አይደለም። ብዙ ሪፈራል ሆስፒታሎች አውቶማቲክ የኬሚስትሪ ማሽን አላቸው፤ በእነዚህ ዓይነት ማሽኖች ላይ የሚሠራ የሪሴፕተር ሪኤጀንት፣ ማለትም የመመርመሪያ ኬሚካል፣ በገበያ ላይ አለ። ናሙናው ያው የተለመደ ሴረም ነው። የሚያስፈልገው ሪኤጀንቱን፣ ማሽኑ የሚስተካከልበትን ካሊብሬተርና ውጤቱ የሚረጋገጥበትን ኮንትሮል በግዥ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ነው። አንዴ ገብቶ ከዚያ ስድስት ወር እንዳይጠፋም ያስፈልጋል፤ የሪኤጀንት መቆራረጥ ምን እንደሚያደርግ ላቦራቶሪ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ለሁሉም ታካሚ መታዘዝም የለበትም። ፌሪቲኑ መሐል ላይ ለቀረ፣ ብግነት ላለበት፣ አይረን ወስዶ ደሙ ላልተነሳ ሰው ብቻ ይበቃል። ለሀገር አቀፍ ጥናቱ ደግሞ ከሁሉም ሰው ሴረም መውሰድ ካልተቻለ ከተወሰኑ ቀበሌዎች ይወሰድ።

ሚኒስቴሩ ሁለት ወይም ሦስት ሪፈራል ሆስፒታሎችን መርጦ ቢጀምር፣ ኪቱን የማረጋገጥ ሥራውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ለመሥራት ፈቃደኛ ነኝ። እንደኔ የሚያስቡ የሙያ ባልደረቦችም አሉ። መልሳችሁን በግልጽ ብታሳውቁን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሕክምና ላቦራቶሪ ባለሙያ
አዲስ አበባ